የአባቴ ፕሮስቴትና የቀበሌያችን የጤና መድን

መጀመሪያ ያስተዋልኩት አባቴ ውሃ መጠጣት መተዋቸውን ነው። የገብስ አጨዳ ላይ ነበርን። ሰው ሁሉ ጥሙን ለመቁረጥ ሲሻማ እሳቸው «አልጠማኝም» ብለው ማሳው ዳር ይቀመጣሉ። ለካ ከጠጡ ለሽንት ደጋግመው መነሣት አለባቸው፤ ሲነሡም ቶሎ አይመጣላቸውም፣ ሲመጣም ይቆራረጣል። ሰባ ዓመት ያለፋቸው አርሶ አደር ናቸው። እናቴ ካረፈች ወዲህ ገነተ ማርያም አጠገብ ከእኔና ከባለቤቴ ጋር ይኖራሉ። እንዲህ ያለውን ነገር ለሴት ልጃቸው መናገር አልቻሉም።

የጤና መድኑ ወደ ወረዳችን ከገባ ገና ዓመቱ ነበር። እያንዳንዱ ቤተሰብ በየዓመቱ ያዋጣል፤ የታመመው በመታወቂያው ይታከማል። የልማት ቡድን መሪው ቤት ለቤት ዞሮ ለአባልነት ማደሻው ስብሰባ ጠራን። እዚያ ላይ ጎረቤታችን በላይ ተነሣ። ትዳር ከያዘ ብዙም ያልቆየ ጎበዝ ነው።

«እኛ ጤና ጣቢያ የምንረግጠው አንዳንዴ ነው። ስንሄድ ወንበሩን ሽማግሌና አሮጊት ሞልቶት እናገኘዋለን። መድኃኒቱ ለእነሱ ግፊትና ስኳር ያልቃል። ለልጄ ሳል ከውጭ ግዛ ተባልኩ። ታዲያ ምን ብዬ ልክፈል?»

ሰው አጉረመረመ እንጂ የተቃወመው አልነበረም። አባቴ ጥግ ይዘው ሰሙት። ቤት ስንገባ «ለእኔ ብላችሁ አታሳድሱ፤ ያረጀ ሰው ምን ይታከማል» አሉን። ባለቤቴ ሰምቶ እንዳልሰማ ሆኖ አሳደሰ።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ጠዋት ሽንታቸው ፈጽሞ ቆመ። ከእምብርታቸው በታች እንደ ድንጋይ ጠጠረ። ላብ አጠመቃቸው። «ጥሩዬ፣ ሆዴን» አሉኝ። ጮህኩ። ጎረቤት ደረሰ። በቃሬዛ አወጣናቸው። ከፊት ከተሸከሙት አንዱ በላይ ነበር።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ነርሱ ካቴተር አስገባላቸው፤ በሽንት ቧንቧ የሚገባ ቀጭን ጎማ ነው። ሽንቱ ወረደ። አባቴ ፊታቸውን በጋቢ ሸፍነው አለቀሱ። በሪፈር፣ በመላኪያ ወረቀት፣ ወደ ላሊበላ፣ ከዚያም ወደ ወልድያ ተላክን። ደረጃውን ጠብቀን ስለሄድን መድኑም ወጪውን እየሸፈነ ተከተለን።

የወልድያው ሐኪም አስቀምጦ አስረዳኝ። «የአባትሽ የፕሮስቴት ዕጢ አብጦ የሽንቱን መንገድ ዘግቶታል። ሽንቱ ወደ ኋላ እየተመለሰ ኩላሊታቸውን ጎድቷል። መጀመሪያ ኩላሊቱ ያገግም፤ ከዚያ ቀዶ ጥገና እንሠራለን።»

ካንሰር ይሆን ብዬ ጠየቅኩት።

«ዕጢው ወጥቶ ይመረመራል። ውጤቱ እስኪመጣ ነውም አይደለምም አልልሽም።»

ከወገብ በታች ተደንዝዘው ተሠራላቸው። በማግስቱ ደም ረጋ። የካቴተሩ ቱቦ ተዘጋ። ሆዳቸው እንደገና ተነፋ። ነርሷ በስሪንጅ ውሃ እየገፋች ቱቦውን ታጥባለች። ደሙ አይጠራም። አባቴ አላወቁኝም። በእናቴ ስም ጠሩኝ። «ዘውዴ፣ በሬዎቹን አስገቢ» አሉኝ። «አስገብቻለሁ» አልኳቸው። እጃቸውን ያዝኩ። ሐኪሙ «ግራ መጋባቱ በዚህ ዕድሜ ከቀዶ ጥገና በኋላ ያጋጥማል፤ ያልፋል» አለኝ። አላመንኩትም።

አለፈ። ደሙ ጠራ፣ አባቴም ቀስ በቀስ ወደ ራሳቸው ተመለሱና የተኙበትን ክፍልም እኔንም ለዩ። ቱቦው ወጥቶ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሳቸው ሲሸኑ በሩ ውጭ ቆሜ ድምፁን እየሰማሁ ፈጣሪን አመሰገንኩ። ውጤቱ ሲመጣ ካንሰር አልነበረም። ከታዘዘው መድኃኒት አንዱ ግን እዚያም ስላልነበረ ከውጭ ገዝተን፣ በጋሸና በኩል ዞረን፣ ቆላው ሲሸሽ ደጋው ሲቀርብ በመስኮት እያዩ አባቴ የየመንደሩን ስም እየነገሩኝ አገራችን ገባን።

በሚቀጥለው ማደሻ አባቴ በከዘራ ስብሰባው ላይ ተገኙ። የመድኑ አስተባባሪ ችግሩን አልሸሸገም። «የአረጋውያን ቁጥር እየጨመረ ነው፤ ዕድሜ በረዘመ ቁጥር ሕክምናውም ይበዛል። ጤነኛው ከወጣና የታመመው ብቻ ከቀረ ደግሞ መዋጮው ማንንም አያሳክም» አለ።

አባቴ ተነሡ። ለእኔ እንኳ መናገር ያፈሩትን በሕዝብ ፊት ተናገሩት። «ሽንቴ ተዘግቶ ነበር። መሞቴ ነበር።» ከዚያ ወደ በላይ ዞሩ። «አንተ ልጄ፣ ቃሬዛዬን ስትሸከም ‹እኔንስ መቼ ነው የምትሸከሙኝ?› አላልከኝም።»

በላይ ከተቀመጠበት ተነሣ። «መሸከሙንስ እሸከማለሁ፣ አያ ሞላ። መድኃኒቱ ግን ይኑር።»

«እውነቱን ነው» አሉ አባቴ አስተባባሪውን እያዩ። «ይኑርለት።»

በላይ አሳደሰ። ያላሳደሱም ነበሩ። መድኃኒቱም አሁንም አልፎ አልፎ ያልቃል።

አባት፣ አያት ያላችሁ፣ ሽንታቸውን ሳታፍሩ ጠይቋቸው። ለሴት ልጅ ከከበዳቸው ወንድ ይጠይቅ። እስኪዘጋ አትጠብቁ። ሪፈር ሳትይዙ ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል አትዝለሉ። ከቀዶ ጥገና በኋላ ባያውቋችሁ አትደንግጡ፤ ለሐኪሙ ንገሩ፣ አጠገባቸውም ሁኑ።

ለሐኪሙ፣ ለነርሶቹ፣ ቃሬዛውን ለተሸከሙት ምስጋናዬ ብዙ ነው። ደግሞም በየቀበሌው በዚያ ዓመት ከፍለው ጭራሽ ያልታመሙ ሰዎች አሉ። መልካቸውንም ስማቸውንም አላውቅም። አባቴን ያሳከሙልኝ እነሱ ናቸው። ጤናቸው ይብዛ።