ያለ ሰላምታ የተደወለ ስልክ

አማቴ ሰላምታ ማሳጠር አያውቁም ነበር። ከጂንካ በላይ ባለው የአሪ ደጋ ተወልደው ያደጉ ናቸው፤ እዚያ መንገድ ላይ የተገናኘ ሰው «ደህና ዋልክ» ተባብሎ አያልፍም። የቤቱን ጤና ይጠያየቃል፣ የላሟን፣ የጥጃዋን፣ የእንሰቱን፣ ዝናቡ በእነሱ በኩል እንዴት እንደሆነ፣ ባለፈው ታሞ የነበረው ሰውዬ ተነሥቶ እንደሆነ። ተጠያቂው አንድ በአንድ መልሶ ሲጨርስ በተራው ከቤቱ ጤና ይጀምራል። የእኔ ወላጆች ከጋሞ የመጡ ናቸው፤ እኛም ቤት ሰላምታ አጭር አይደለም። የእሳቸውን ያህል ግን አላየሁም። አንድ ቀን ጨው ሊበደሩ ጎረቤት ሄደው፣ ወጡ ያለ ጨው በስሎ፣ ወርዶ፣ ቀዝቅዞ ነው የተመለሱት።

ይህን ጠባያቸውን እወደው ነበር። የሚያስከፍል መሆኑን ያወቅሁት ባለቤቴ ሱዳን ሲሄድ ነው።

ባለቤቴ ወታደር ነው፤ ለእናቱም አንድ ልጅ ነው። ሰላም ለማስከበር ሲላክ ገና አልወለድንም ነበርና ቤቱ ውስጥ ሁለት ሴቶች ቀረን። እኔ በረንዳው ላይ ልብስ እሰፋለሁ፤ አማቴ አጠገቤ በርጩማ ላይ ተቀምጠው የስፌት መኪናዬን ድምፅ እየሰሙ ያወሩኛል። ሁለቱም ዓይኖቻቸው ላይ ሞራ ወጥቶባቸው ስለነበር በደጃችን የሚያልፈውን ሰው የሚለዩት በእግሩ ኮቴ ነው። ደጋ ያለውን ቤታቸውን ትተው ከእኛ ጋር መኖር የጀመሩትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ልጃቸው የሀገር ቤቱን ሲም ካርድ እንደያዘ ሄደ። እናቴ በለመደችው ቁጥር ታግኘኝ ብሎ ነው። ዛሬ ሰው በስልክ ፊት ለፊት እየተያየ ሲያወራ ይውላል፤ ያኔ ግን ሮሚንግ የሚባለውን ነገር ማናችንም አናውቀውም። እኔ የማውቀው የደወለ ሰው እንደሚከፍል ብቻ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ወር ካርድ ሞልቼ፣ አማቴን ክንዳቸውን ይዤ ወደ አውሮፕላን ሜዳው ሄድን። ያን ጊዜ አውሮፕላኑ የሚያርፈው ከተማው መሐል ባለው የሣር ሜዳ ላይ ነው። አውሮፕላን በሌለበት ቀን ላም ይግጥበታል፣ ኳስ ይጫወቱበታል፣ ኔትወርክ የቸገረው ሰው ደግሞ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዞርበታል። ደወልኩ፤ አነሣ፤ ለእናቱ ሰጠኋቸው።

እናትና ልጅ ከላሟ ጀመሩ። ጥጃዋ ላይ ሳይደርሱ ተቋረጠ።

የእኔ ካርድ አላለቀም። ያለቀው የእሱ ነው። በማግስቱ በጽሑፍ መልእክት አስረዳኝ። ከሀገር የወጣ ስልክ ሲደወልለትም ይከፍላል፣ ያውም ከደዋዩ የበለጠ፤ ለወሩ ያስቀመጥኩትን ሁሉ እማዬ በአንዲት ላም ጨረሰችው ይላል። የዚያን ሀገር ሲም እንዳይገዛ ካምፓቸው ከከተማ ሩቅ ነው፤ የሚወጡትም በተራ ነው። ጓደኞቹም እንዲሁ ናቸው አለኝ። ስልካቸውን እንደ ጠመንጃቸው ይጠነቀቁለታል፣ ሲጠራ ግን ማንሣት ይፈራሉ።

ከዚያ ወዲያ መላ ዘየድን። እሑድ እሑድ ከጸሎት ስንመለስ እሱ አንድ ጊዜ ደውሎ ወዲያው ይዘጋል። ሚስኮል ነው፤ ካልተነሣ ማንንም አያስከፍልም። ትርጉሙም ደህና ነኝ ነው። አማቴ መጀመሪያ ተቆጥተው ነበር። ይህ በር አንኳኩቶ መሮጥ እንጂ ምን ሰላምታ ነው አሉ። ኋላ ግን ለመዱት፤ ከመልመድም አልፈው የራሳቸው አደረጉት። በሐመርና በበና በኩል ሰው ለድግስ ሲጠራ ቋጠሮ ያለበት ገመድ ይላክለታል፤ በየቀኑ አንዱን እየፈታ ድግሱ ስንት ቀን እንደቀረው ያውቃል። አማቴ ይህን ገለበጡት። አልጋቸው ራስጌ ላይ ረጅም የእንሰት ቃጫ ሰቅለው፣ ስልኩ እሑድ በጠራ ቁጥር አንድ ቋጠሮ ይቋጥሩበት ጀመር። ቋጠሮ ያለው ሳምንት ልጃቸው በሕይወት ያለበት ሳምንት ነው።

በጽሑፍ የሚመጣውን ግን አያምኑም። ጥፋቱ የእኔ ነው። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ከመዝሙር ደብተርና ከስኳር ጆንያ ላይ ነው፤ አስተማሪ አልነበረኝም፤ ስለዚህ ማንበቤ ያኮራኝ ነበር። አንድ ጊዜ ወባ ይዞት እንደተኛ ሲጽፍልኝ፣ እንዳይደነግጡብኝ ብዬ «ደህና ነኝ ይላል» ብዬ አነበብኩላቸው። ከሱዳን ለእረፍት የመጣ ጓደኛው ቤት ድረስ መጥቶ «ወባው ለቀቀው» ብሎ አበሠራቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ መልእክት በመጣ ቁጥር የሚሉኝ አንድ ነው፦

«አሁን ያነበብሽልኝ እሱ ያለውን ነው ወይስ አንቺ የፈለግሽውን?»

ቋጠሮው ሠላሳ ያህል ሲሆን፣ የዓይን ሐኪሞች ከአዲስ አበባ እንደመጡና የዓይን ሞራ በነፃ እንደሚያነሡ በድምፅ ማጉያ ተለፈፈ። የሚቆዩት ከሰኞ እስከ ዓርብ ብቻ ነው። ሰኞ ጠዋት ወሰድኳቸው። ሐኪሙ በመብራት አያቸውና ሞራው የበሰለ ነው፣ ለሐሙስ ሦስት ሰዓት ይምጡ፣ በማግስቱ ያያሉ አለ። እኔ ደስታዬ ልቤን ሊያቆመው ደረሰ። እሳቸው ግን ቤት ስንገባ በርጩማቸው ላይ ተቀመጡና ልጄ ሳያውቅ ዓይኔን ስለት አይነካውም አሉ። ለመንኳቸው። ይህ ዕድል ተመልሶ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም አልኳቸው።

«ዓይኔ ተከፍቶ እሱን ካላየሁ ለማን ልይ?» አሉኝ። «እሱ እሺ ይበል፤ እሄዳለሁ።»

ስለዚህ ነገሩ ሁሉ እስከ ሐሙስ ጠዋት በምትገኝ አንዲት «እሺ» ላይ ተንጠለጠለ። ያችን እሺ ደግሞ በጆሯቸው ካልሰሙ አያምኑም፤ ስልኩ ላይ ካወሩ ሰላምታው ይበላታል። ማክሰኞ ስሰፋ ቆይቼ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ሰላምታውን ቀድመን ብንጨርሰውስ?

ሜዳው ላይ ወሰድኳቸውና ያልተደወለበትን ስልክ ጆሯቸው ላይ አደረግሁላቸው። እማማ፣ ሰላምታውን አሁን ይጨርሱት፤ ከዚያ ስደውል ጉዳዩን ብቻ ይናገሩ አልኳቸው። ሳቁብኝ፤ ግን ጀመሩ። ከቤቱ ጤና ተነሥተው፣ ላሟን፣ ጥጃዋን፣ እንሰቱን አልፈው፣ የእሱንም መልስ ራሳቸው እየመለሱ፣ የሱዳንን ዝናብ ጠይቀው ጨረሱ። የሚያልፉ ሴቶች ቆመው ያዳምጡ ነበር። አንዷ «ልጅሽ እንዴት ነው?» ብትላቸው «ደህና ነው፣ አሁን ሊደወልለት ነው» አሏት።

ደወልኩ። አነሣ። አማቴ እንደተማከርነው ቀጥታ ገቡ፦

«ልጄ፣ እሺ ትላለህ ወይስ አትልም?»

የስልኩን ድምፅ ከፍ ስላደረግሁት እኔም እሰማለሁ። የእሱ ድምፅ ልጅ ሆኖ መጣ።

«እማዬ? ማን ሞተ?»

ያኔ ነው ስህተቴ የገባኝ። በእነሱ ዘንድ ሰላምታ የሚዘል ሰው አንድ ብቻ ነው፤ መርዶ ነጋሪ። እሱ በር ላይ ሲቆም የላም ጤና አይጠይቅም። አማቴ ማንም አልሞተም አሉት። «ታዲያ ለምን ሰላም አላልሽኝም?» አላቸው። እሳቸውም ማንም አለመሞቱን ሊያስረዱት አንድ በአንድ መቁጠር ጀመሩ፤ ላሟ ደህና ናት፣ ጥጃዋ ደህና ናት፣ አጎትህ ደህና ነው። የእኔ ተራ ሳይደርስ ተቋረጠ።

እየተቃቀፍን እንሳቅ ወይስ እናልቅስ ሳናውቅ ወደ ቤት ተመለስን። ረቡዕ ጠዋት በጽሑፍ ላክሁለት፦ ማንም አልሞተም፤ እናትህ ዓይናቸውን ሊታከሙ ነው፤ ከተስማማህ ሐሙስ ጠዋት ሦስት ጊዜ ደውለህ ዝጋ። ለአማቴም የጻፍኩትን ነገርኳቸው። አሰቡበት። ስልኩን እኔ ራሴ ከያዝኩት ሚስኮል አይዋሽም ብለው ተስማሙ።

ሐሙስ ጠዋት ልብሴን ለብሼ በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ። አማቴ ስልኩን በሁለት መዳፋቸው መሐል እንደ ጫጩት ይዘውታል። ሁለት ሰዓት አለፈ። ሁለት ተኩል ሲሆን ጠራ። የወትሮው ጥሪ ወዲያው ነው የሚቋረጠው፤ ይህ ግን እስኪያልቅ ድረስ ጠራ። ሳላስበው እጄን ስሰድ መቱኝ።

«አትንኪው። የልጄ ቃል ነው።»

ቆም ብሎ ደገመ። አሁንም እስኪያልቅ ጠራ። ሦስተኛውም እንዲሁ። ከዚያ ዝም አለ። አማቴ ገብተው በእጃቸው ዳስሰው ቃጫውን አገኙና ሦስት ቋጠሮ አጠጋግተው ቋጠሩ። ስልኩን ሰጥተውኝ ነጠላዬን አምጪ አሉ። ሳየው ቁጥሩ የእሱ አይደለም። ማክሰኞ ሂሳቡ ስላለቀ ከጓደኛው ተውሶ ነው ብዬ ኪሴ ከተትኩት።

ሕክምናው እኔ ከፈራሁት ቀለለ። ዓርብ ጠዋት ነርሷ ፋሻውን ስትፈታላቸው ፊት ለፊታቸው ቆሜያለሁ። ዓይናቸውን ብዙ ጊዜ ጨፈን ከፈት ካደረጉ በኋላ አተኩረው አዩኝ።

«አንቺ እንዲህ ቀጭን ነሽ እንዴ?» አሉ። «ድምፅሽ ወፍራም ነበር።»

ከዚያ ነርሷን ከቤቷ ጤና ጀምረው ሰላም አሏት። ከሐኪም ቤቱ ለመውጣት ግማሽ ቀን ፈጀብን፤ ያገኙትን ሁሉ እንደ አዲስ፣ ፊት ፊቱን እያዩ ሰላም ሲሉ።

ቅዳሜ ገበያ ውዬ ስመለስ ሁለት መልእክት ተከታትሎ ገባ። የመጀመሪያው ሐሙስ የተጻፈ ነው፦ ከጓደኛዬ ስልክ ሦስት ጊዜ ደወልኩ፣ ለምን አታነሡም? መኪናችን ሊንቀሳቀስ ነው። እማዬ ሞታ ከሆነ አትደብቂኝ። ሁለተኛው የዕለቱ ነው፦ መልእክትሽ ገና ዛሬ ደረሰኝ፣ ተመስገን። ዓይኗን ግን እኔ እስክመጣ እንዳታስነኳት።

አማቴ በረንዳው ላይ ሆነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ክሩን በመርፌ ቀዳዳ ራሳቸው ሊያስገቡልኝ እየታገሉ ነው። ቀና ብለው «ምን ይላል?» አሉኝ። ከወባው በኋላ አንድ ቃል እንዳልለውጥ ለራሴ ምዬ ነበር። ክሩ ገባላቸው፤ እንደ ሕፃን ደስ አላቸው። ናፍቃችሁኛል ይላል አልኳቸው።

ለእሱ እውነቱን ጻፍኩለት፤ ተቆጣ፣ ቀጥሎ ደስ አለው። ነገሩ በእኔና በእሱ መሐል ቀረ። በአራተኛው ወር መጣ። እናቱ በር ላይ ፊቱን ይዘው አዩት፤ ከስተሃል፣ ጠቁረሃል አሉት። ከዚያ ሰላምታው ተጀመረ፤ የሚያቋርጠው አልነበረም። ሻንጣው አጥር በሩ ላይ እንደቆመ ጥጃዋን አለፉ፣ እንሰቱን አለፉ፣ የሱዳንን ዝናብ አለፉ። ምሳው ሲቀርብ ግን መደበቅ የማያውቀው ባለቤቴ ጎርሶ ሳይውጥ አወጣው።

«እማዬ፣ እኔ እኮ እሺ አላልኩም ነበር።»

እኔ ሳህኑ ላይ አቀረቀርኩ። አማቴ እንጀራቸውን መቁረሳቸውን አላቆሙም።

«አውቃለሁ» አሉ። «አንተ ደህና ስትሆን ቶሎ ነው የምትዘጋው። ያን ቀን እስከ መጨረሻው አስጠራህ። ፈርተህ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ሄድሽ?»

«አንተ ማን ሞተ ካልከኝ ሰዓት ጀምሮ እንቅልፍ አልነበረኝም። አንተም የሆንከው ነገር ቢኖርስ ብዬ። ስልኩ ሦስት ጊዜ ሲጠራ ሦስት ጊዜ አለህ ማለት ነው። የማየው ሰው ካለ፣ እሺውን እኔም ልለው እችላለሁ።»

ባለቤቴ እኔን እያየ ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። አማቴ እጃቸውን ታጥበው ተነሡና ቃጫውን ከአልጋቸው ራስጌ አውርደው አመጡት። ጭኑ ላይ ዘረጉት። ሲቋጥሩት በዳበሳ ስለነበር አንዳንዱ ቋጠሮ ትልቅ፣ አንዳንዱ የማይታይ ነው፤ አሁን ዓይናቸውን አቅርበው የመጀመሪያውን ፈለጉ፣ አገኙት፣ በጣታቸው ያዙት።

«የዚህን እሑድ እንዴት ዋልክ?» አሉት። «ምን በላህ? ዝናብ ነበር?»

አንድ በአንድ መለሰላቸው። እኔ ወደ መኪናዬ ተመለስኩ፤ ሦስቱ የተጠጋጉት ቋጠሮዎች ጋ የደረሱት ሁለት ቀሚስ ሰፍቼ ከጨረስኩ በኋላ ነው።