ለእማዬ ጉልበት የሚሆን ወንበር

ሚስማር የሚሉት አናጢ በቤታቸው መዶሻ የሚያነሳ እሱ ብቻ ነበር። በሩን የሠራ እሱ፣ አልጋውን የሠራ እሱ! ታዲያ ታናሽ እህቱ ሁለተኛ ደረጃ ገብታ ዲዛይንና ቴክኖሎጂ የሚባል ትምህርት ጀመረችና ሰላም ነሳችው። የቤት ሥራዋ ለአንድ ሰው የሚመች ዕቃ መሥራት ነው። እሷ ደግሞ ጉልበቷን ለሚያማት እናታቸው ወንበር ልሥራ አለች።

በመጀመሪያ «ስትነሺ የቱ ጋ ነው የሚያምሽ?» ብላ እናቷን ጠየቀች። ከዚያ ከተረከዝ እስከ ጉልበቷ ለካቻት፤ ወንበሩንም በካርቶን ሠርታ አሳየች።

«ካርቶን ላይ ደግሞ ማን ሊቀመጥ ነው? አይጥ?» አለ ሚስማር።

«ሞዴል ነው ጋሼ። ኧረ ቅናት እንዳይገልህ!»

ወደ እናቱ ዞረ። «እማዬ፣ የኔ ወንበር ምን ጎደለው?»

«ምንም አልጎደለው ልጄ። ዝቅ ስለሚል ስነሳ ነፍሴ ልትወጣ ትደርሳለች እንጂ።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ምነው ዝም አልሽ?»

«መች ጠየቅከኝ?»

ይቺ ንግግር እንደ ስንጥር ገባችበት። እህቱን «በይ አምጪው፣ እኔ ልሥራው» ቢላት፣ «መምህሯ ራሳችሁ ሥሩ ብላናለች» አለችው። ምን ያድርግ፣ እንጨቱን ያዘላት። መጋዙን ስታነሳ «ምናለ በጠመመባት!» እያለ በሆዱ ይመኛል። እሷ ግን የመጀመሪያውን እግር ቀጥ አድርጋ ቆረጠችው።

«አቤት እጅ! እሰይ የኔ ልጅ!» አለች እናታቸው።

ሚስማር ቀና ሳይል፣ «ቆይ እንጂ፣ ገና ሦስት እግር ይቀራታል» አለ።