አባቴ ያላየው ማስታወቂያ

ዛሬ ጠዋት ሮቤ ከተማ ፍርድ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ የአባቴን አቤቱታ አንብባ መልሳ ሰጠችው።

አባቴ ገሰራ ወረዳ ውስጥ ገበሬ ነው። ነጭ ሽንኩርቱን የሚያጠጣበት ወንዝ በአዲሱ የውሃ ዕቅድ ወደ ሌላ አካባቢ ሊጠለፍ ነው። ዕቅዱን በፍርድ ቤት ለመቃወም ነበር የመጣነው።

«አባባ፣ በሕጉ መሠረት የመቃወሚያ ጊዜው አልፎብዎታል» አለችው በቀስታ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሚቆጠረው?»

«ዕቅዱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከተለጠፈበት ቀን።»

«የት ያለ ሰሌዳ?»

«የውሃ ቢሮው በር ላይ።»

(እኛ ደግሞ የሚነግረን ሰው ወንዙ ዳር ይመጣል ብለን ስንጠብቅ ነበር።)

አባቴ አልተቆጣም። «ገለቶሚ ልጄ» ብሎ አመስግኗት ወጣ።

ሚኒባስ ውስጥ ግን «አንተ ተምረሃል፤ አሁን ለማን ነው የምንናገረው?» አለኝ።

እናንተስ ሳትሰሙ ቀኑ ያለፈባችሁ ጉዳይ አለ? ምን አደረጋችሁ?