ከአዛን በፊት

ደሴ ላይ ጠዋት የሚመጣው በጆሮ ነው። ጭጋጉ ዓይንን ይዞ ስለሚቆይ መጀመሪያ ቆርቆሮው ይሰማል፤ ከዚያ ከአሸንዳው ወደ በርሜሉ የሚወርደው ጠብታ፣ ከዚያ የሰው ኮቴ። ቧንቧ ውሃ ሰፈር ባለው ቤታችን ተጋድሜ እነዚህን ድምፆች ስሰማ፣ ነቅቼ ይሁን ተኝቼ እስካሁን ለይቼ አላውቅም። ለመለየትም ቸኩዬ አላውቅም።

አባቴ ግን በዚያ ሰዓት ተነስቶ ይጸልይ ነበር። የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፤ ልጅነቴ ያለፈው ከግድግዳው ወዲያ የሚመጣውን ጉርምርምታውን እየሰማሁ ነው። ባለፈው ዓመት ሐኪሙ "ልብዎ ደጋውን አልቻለም፣ ዝቅ ወዳለ አገር ይውረዱ" አለውና ከእናቴ ጋር ኮምቦልቻ ገቡ። እኔ አስተማሪ ስለሆንኩ ደሴ ቀረሁ። እናቴ በሳምንቱ ጋቢዋን አጣጥፋ ሣጥን ውስጥ ከተተች፤ ሙቀቱ ተስማማት። የአባቴም ልብ ተሻለው። ጸሎቱ ግን ጠፋበት።

"ተንበርክኬ ዝም እላለሁ" አለኝ አንድ ቅዳሜ፣ እናቴ እንዳትሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ቃሉ አይመጣልኝም። የሰው ቤት የገባሁ ይመስለኛል።"

ዕድሜውን ሙሉ ለሌላው ሲጸልይ የኖረ ሰው እንዲህ ሲል መስማት አስፈራኝ።

እኔ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ኪቦርድ እጫወታለሁ። ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ሲጸልይ ከሥር ቀስ ብሎ የሚፈሰውን፣ ማንም ልብ የማይለውን ድምፅ የምይዘው እኔ ነኝ። አክስቴ ከዱባይ ያመጣችልኝ መዳፍ የምታክል ሳምፕለርም አለችኝ፤ የቀዳችውን ድምፅ ትቆርጣለች፣ ትጎትታለች፣ እያዞረች ትደጋግማለች። በሷ አድርጌ ቤታችንን ልወስድለት አሰብኩ።

ጠዋት ጠዋት መስኮቱን ከፍቼ ቀዳሁ። ጠብታዋን በስልኬ አፕ ሳዘገያት ደወል ሆነች። ጭጋግ ድምፅ የለውም ይባላል፤ ዝናቡን አብዝቼ ስጎትተው ግን የቀረልኝ የጭጋጉ ድምፅ ነው። ወደ ሰኞ ገበያ የሚሄዱ ሴቶች በበራችን ሲያልፉ የሚያወሩት እንኳ ቃሉ ሟሙቶ ዜማው ብቻ ቀረ። እውነቱን ለመናገር ራሴን አደነቅሁ። ያስቸገረኝ የሰፈራችን መስጊድ ድምፅ ማጉያ ብቻ ነበር። አዛን የሚያሰሙት ሸህ ጎረቤታችን ናቸው፤ ማይኩን ከፍተው መጀመሪያ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፣ ይስላሉ፣ ከዚያ ይጀምራሉ። ለጴንጤ ሽማግሌ ጸሎት ይኼ ምን ይፈይዳል ብዬ ሳሉንም አዛኑንም ሙልጭ አድርጌ አወጣሁ።

ሚኒባሱ ቁልቁለቱን ሲወርድ እንደ ልማዱ ጆሮዬ ተደፈነ። የሠራሁትን በማዳመጫ ስሰማው ቤታችን ውሃ ውስጥ የሰመጠ መሰለኝ፤ እሱም አማረብኝ።

አባቴ ማዳመጫውን አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ። ቆርቆሮውን አወቀው፤ በርሜሉን ሲያውቅ ፈገግ አለ። ከዚያ ፊቱ የሆነ ነገር መጠበቅ ጀመረ። ድምፁ ዞሮ ዞሮ ሲያበቃ ማዳመጫውን አወለቀ።

"ያምራል ልጄ። ግን ሰውየው አልሳሉም።"

"የትኛው ሰውዬ?"

"ሸሁ ናቸዋ! ዕድሜዬን ሙሉ የቀሰቀሱኝ በሳላቸው ነው። እሳቸው ሳይስሉ እንዴት ብዬ ልነሳ?"

መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ቀጥሎ እንባዬ።

ደሴ እንደተመለስኩ ሸሁን በራቸው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። ሰርቆ መቅዳቱ አሳፍሮኝ ሁሉንም ነገርኳቸው። እስኪያስላቸው ሳቁ።

"ወላሂ ጉድ ነው! ሰው ድምፄን ትቶ ሳሌን ይናፍቃል?" አሉ። ቀጥለው ኮስተር አሉ። "አዛኑን ግን አትንኪው ልጄ፤ አዛን መጫወቻ አይደለም። ሳሉ የራሴ ነው፣ ሐላል ብዬሻለሁ፣ ውሰጂው። አባትሽንም አብሽር በይልኝ።"

እዚያው ሳምፕለሯን ከፈትኩ። ሸሁ ቢሞክሩ ቢሞክሩ ሳሉ እምቢ አለ። "በትእዛዝ አይመጣም" አሉኝ። "ነገ ንጋት ላይ መስኮትሽን ክፈቺ።"

ከፈትኩ። የማይኩ ኮሽታ፣ የጉሮሮው ጥርጊያ፣ ሳሉ። አዛኑ ሳይጀመር አጠፋሁ። ይህችን አልጎተትኳትም፣ አላዘገየኋትም፤ እንዳለች ዝናቡ መሐል አስቀመጥኳት።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ኮምቦልቻ አደርኩ። ስልኬን ንጋት ላይ በራሱ እንዲያጫውት አድርጌ አባቴ ትራስ አጠገብ አኖርኩት። ሊነጋጋ ሲል ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ ሰማሁ። የደሴ ዝናብ በኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ ቀስ ብሎ መዝነብ ጀመረ። ጠብታዋ በርሜሉን መታች፤ ነቅቼ ይሁን ተኝቼ እንደገና ጠፋኝ። ከዚያ ሸሁ ሳሉ።

አልጋው ተንቋቋ። ጉልበቱ ወለሉን ሲነካ ሰማሁ። ጆሮዬን ወደ ግድግዳው አስጠጋሁ።

"ጌታ ሆይ" አለ አባቴ፣ "እኚያን ጎረቤቴን ከሳላቸው ፈውስልኝ።"