መብራት ሲመጣ የሚጮኸው ማሽን

ይህ ነገር የደረሰብኝ ቆቦ ላይ ባጃጅ ጋሪን ከመንገድ ማስለቀቅ በጀመረበት ሰሞን ነው። ዓመታት አልፈውታል። እኔ ግን መብራት ጠፍቶ ቆይቶ ሰፈሩ በአንድ ድምፅ «መጣ!» ብሎ በጮኸ ቁጥር ያቺ ቀን ትመለስብኛለች። በእኛ ሰፈር ደግሞ ይህ ጩኸት አንዳንድ ቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ይሰማል፤ ልርሳው ብልም የሚያስረሳኝ የለም።

ሥራዬ የአሉሚኒየም በርና መስኮት መሥራት ነው። ያኔ ከታላቅ እህቴ ከብርቄ ጋር ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ያለ አንድ ክፍል ተከራይተን እንሠራ ነበር። እኔ «እታለም» ነው የምላት። እናታችን ካረፈች በኋላ ልብስ እየሰፋች ያሳደገችኝ እሷ ናት። ክፍሉን በመጋረጃ ከፍለን በመንገዱ በኩል ያለውን እሷ፣ በጓሮ በኩል ያለውን እኔ ያዝን።

የማሽኑ ነገር የመጣው ሞረድ ከመጥላቴ ነው። በእያንዳንዱ በር ላይ ለቁልፍ ማስገቢያ የሚሆን ቀዳዳ ያስፈልጋል። በትራፓኖ ደርድሬ እበሳና የቀረውን በሞረድ ስፈገፍግ እውላለሁ። ማታ ትከሻዬ የእኔ አይመስለኝም። አንድ ቀን ኢንተርኔት ቤት ቁጭ ብዬ፣ አንድ ሰውዬ ጋራዡ ውስጥ ራሱ በሠራው ማሽን አሉሚኒየም እንደ ሳሙና ሲቆርጥ አየሁ። ኮምፒውተሩ ያዛል፣ ማሽኑ ይቆርጣል፣ ሰውዬው እጁን አጣጥፎ ይመለከታል። እውነት ለመናገር የማረከኝ ያ እጅ አጣጥፎ መመልከቱ ነው።

ከዚያ በኋላ ከእኔ ሰላም ጠፋ። ከተጣሉ የፎቶ ኮፒ ማሽኖች ሞተር ነቀልኩ፣ ያገለገለ ኮምፒውተርም ገዛሁ። ከቱቦላሬ ብረት አልጋ የሚመስል ነገር በየድኩ። ለመቁረጫ ደግሞ አናጺዎች የእንጨት ጠርዝ የሚያሳምሩበትን የእጅ ማሽን ገዝቼ አናቱ ላይ አሰርኩት። የሚያልፍ የሚያገድም ሁሉ አንገቱን እያስገባ «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው? ሸማ ልትሠራ ነው?» ይለኛል።

የመጀመሪያው ክብ የድንች ቅርጽ ይዞ ወጣ። ማሽኑ ሲቆርጥ ይንቀጠቀጣል፣ ጥርሱ ይሰበራል፣ አሉሚኒየሙም እየቀለጠ ጥርሱ ላይ ይጣበቃል። ቱቦላሬው ውስጥ የጎሊና ወንዝን አሸዋ ጠቅጥቄ ብሞላው መንቀጥቀጡ በረደ። ነጭ ጋዝ ጠብ ጠብ ባደርግለት መጣበቁንም ተወ። ጁኮው ግን እምቢ አለኝ። ጁኮ የምንለው ብረት ከብረት ሲጋጠም መሃል ላይ የምትቀረውን ልልነት ነው። ማሽኑ ወደ ቀኝ ሄዶ ወደ ግራ ሲመለስ ትንሽ ያመነታል፤ ቀዳዳውም ይንሻፈፋል። እኔም እፈታለሁ፣ እገጥማለሁ፣ እንደገና እፈታለሁ። እታለም በመጋረጃው በኩል ሆና «ከዚህ ሁሉ ሚስት ብታገባ ይሻልህ ነበር» ትለኛለች።

እሷን ያስመረራት ድምፁ አልነበረም፤ ብናኙ ነው። ከአሉሚኒየሙ የሚፈናጠረው ፍቅፋቂ በመጋረጃው ሥር እያለፈ የሰው ልብስ ላይ ያርፋል። አንዲት ሙሽራ ቀሚሷን ለመለካት ለብሳው እስክታለቅስ ድረስ አሳከካት።

«ሰይፉ፣ ሙሽሮቼን በብረት ልትፈጅልኝ ነው?» አለችኝ የዚያን ቀን። እየሳቀች አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ መብራት በጠፋ ቁጥር መጥረጊያዋን ይዛ ወደ እኔ በኩል ትገባለች። የእሷ ስፌት መኪና በእግር የሚረገጥ ስለሆነ መብራት ኖረ አልኖረ ግድ የላትም። እኔ ግን ሥራ እፈታና ወጣ ብዬ ጎረቤታችን ሙሄ ፀጉር ቤት ደጃፍ ላይ እቀመጣለሁ። እሷ በዚያ መሃል ፍቅፋቂውን ጠራርጋ ትወጣለች።

አሁን ወደ ጥፋቱ ልምጣ። እንደሚታወቀው እኛ አገር መብራት ሲሄድ ማብሪያ አናጠፋም። ሬዲዮው እንደተከፈተ ይተዋል፤ ሲመጣ ራሱ ይናገራላ! እኔም ማሽኔን እንደዚያው እተወዋለሁ። መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩ አብሮ ስለሚጠፋ መብራቱ ሲመለስ ማሽኑ ከቦታው አይንቀሳቀስም፤ መቁረጫው ብቻ ባለበት ይሽከረከራል። ምን ይጎዳል አልኩ። ድምፁ ደግሞ መንገድ ተሻግሮ ይሰማል። ከሬዲዮውም ከአምፖሉም በፊት ለሰፈሩ የሚያበስረው የእኔ ማሽን ሆነ። ፀጉራቸው ግማሽ ተላጭቶ የሚጠብቁ የሙሄ ደንበኞች ጆሯቸውን ወደ እኔ ቤት ነው የሚያቀኑት። «ግርርር» ሲል ሙሄ «መጣ!» ይላል፣ ከዚያ ሰፈሩ ይቀበለዋል። እኔም ልክ መብራቱን ያመጣሁት እኔ ይመስል ደረቴን እነፋ ነበር።

ግንቦት ነው። የቆቦ ግንቦት ለማያውቀው አይነገረውም፤ ቆርቆሮው ራሱ ይሰነጠቃል ያሰኛል። አንድ አዲስ ሆቴል በሮች አዞኝ ነበርና የቁልፍ ቀዳዳቸውን እየቆረጥኩ ሳለ ረፋዱ ላይ መብራት ሄደ። እንደ ልማዴ ወጥቼ ሙሄ ደጃፍ ተቀመጥኩ።

እታለም ዘንድ ከዋጃ የመጡ አንዲት እናት ነበሩ፤ እትዬ ዘሃራ ይባላሉ። ልጃቸውን ሊድሩ ጨርቅ ገዝተው መምጣታቸው ነው። እታለም የልጅቷን ቁመት ለክታ ሜትሩን አንገቷ ላይ ጣል አደረገችው። ልብስ ሰፊዎች ሁሉ እንዲህ ያደርጋሉ። እሷ ግን መኪናውን ልትረግጥ ስታጎነብስ እየወደቀ ስለሚያስቸግራት ጫፍና ጫፉን ደረቷ ላይ የማሰር ልማድ አላት።

እናትና ልጅ ስለ ጥልፉ ሲመካከሩ እታለም «እስክትስማሙ ያንን የብረት ብናኝ ልጥረገው» ብላ ወደ እኔ በኩል ገባች። ማሽኑ ላይ አጎነበሰች። ቋጠሮው ከደረቷ ወርዶ መቁረጫው አጠገብ ተንጠለጠለ።

ማሽኑ ጮኸ። ሙሄ «መጣ!» አለ። ሰፈሩ «መጣ!» አለ። እኔም ብያለሁ፤ እጄን ሁሉ አንስቻለሁ።

የማሽኔን ድምፅ አውቀዋለሁ። ባዶውን ሲሽከረከር አንድ ነው፣ ብረት ሲነክስ ሌላ ነው። የዚያን ቀን የሰማሁት ግን ሁለቱንም አልነበረም። የታነቀ ድምፅ ነው። ፍቅፋቂ ገብቶበት ይሆናል ብዬ ተነሳሁ፣ ሱሪዬን አራገፍኩ፣ ለሙሄም አንድ ነገር ብዬው ሳቅን። አልሮጥኩም። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው፤ አልሮጥኩም። ሰዉ በደስታ ሲጮህ እህቴ ውስጥ እየጮኸች ነበር፣ የማንም ጆሮ አልለያትም።

ከዚያ የእትዬ ዘሃራ ድምፅ መጣ። «ያ ረቢ! ሰው የለም? ሰው! ድረሱልን!»

ስገባ መጋረጃው መሬት ወድቋል። ሜትሩ መቁረጫው ላይ ተጠምጥሞ የእታለምን አንገት ወደ ብረቱ ይስባል። በግራ እጇ ማሽኑን ትገፋለች፣ በቀኝ እጇ ሜትሩን ወደ ኋላ ትጎትታለች። ፊቷ የእሷ አይመስልም ነበር። እትዬ ዘሃራ የእታለምን ትልቁን የጨርቅ መቀስ ይዘው እላይዋ ላይ ተጎንብሰዋል። እኔ ስፒናውን ለመንቀል ስወረወር እሳቸው ሜትሩን ቆረጡት። እታለም ወደ ኋላዋ ወደቀች።

ማሽኑን አጠፋሁት። ጸጥ ሲል ከጎረቤት የሙሄ ፀጉር መላጫ እዝዝዝ ሲል ተሰማኝ። እዚያ ሥራ ተጀምሯል።

ደሙን ያየሁት ያኔ ነው። ሜትሩን ስትጎትት የቀኝ እጇን አውራ ጣት የማሽኑ ጥርስ አግኝቶታል። አንገቷ ዙሪያውን ቀልቷል። ትንፋሿ እየተቆራረጠ መጀመሪያ ያለችው፣ «የሰው ልብስ፣ የሰው ልብስ ደም እንዳይነካው» ነው።

«ልብሱ ገደል ይግባ! አብሽሪ ልጄ፣ አላህ አትርፎሻል» አሉና እትዬ ዘሃራ ይዘውት የመጡትን ነጭ ጨርቅ ተርትረው እጇን ጠቀለሉላት።

«ኧረ የሙሽራዋ ነው!» አለች እታለም።

«ጨርቅ ነው። ገበያ ሞልቶታል፣ ሌላ ይገዛል።» ሙሽራዋ ጥግ ቆማ ታለቅስ ነበር፤ ለጨርቁ ግን አልነበረም።

በባጃጅ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ወደ ወልድያ ወሰድናት። መንገዱን ሙሉ እትዬ ዘሃራ ጭንቅላቷን ጭናቸው ላይ አድርገው ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ ሄዱ። ሐኪሙ የአንገቷ እንደሚድን፣ የጣቷ ጅማት ግን ተቆርጦ እንደነበረና ቢሰፋም እንደ ድሮው እንደማይታጠፍ ነገረን። ለሌላ ሰው ትንሽ ነገር ነው። አውራ ጣቱ የማይታጠፍ ልብስ ሰፊ ግን መቀስ አይዝም።

እሷ ቤት ተኝታ ሳለ ማሽኑን መበተን ጀመርኩ። አሸዋውን ከብረቱ ውስጥ እያፈሰስኩ ለቁራሌው ልሰጠው ነበር። እጇ በፋሻ እንደተጠቀለለ መጣችና በር ላይ ቆመች።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«እያፈረስኩት። ዓይኔ እንዲያየው አልፈልግም።»

«ሲፈርስ ጣቴን ይመልስልኛል?» ተቆጣች። እታለም ስትቆጣ ድምፅዋ ዝቅ ይላል። «አንተማ አፍርሰህ ታርፋለህ። እኔ ነገ በምን ልቁረጥ? ትሰማኛለህ? እንዲህ ያለ ጣት የሚይዘው መቀስ ሥራልኝ። ዓመት ሙሉ ስትለፋበት የኖርከው ይህንን ካልሠራ ለምን ነበር ታዲያ?»

ያኔ ነው ያለቀስኩት። እሷ ቆማ አየችኝና «በል አሸዋውን ሰብስብ» ብላ ሄደች።

አሸዋውን መልሼ ሞላሁት። ያረጀ የወፍጮ ማስነሻ ፈልጌ ማሽኑ ላይ ገጠምኩ። አሁን መብራት ከሄደ ማሽኑ ጨርሶ ይሞታል፤ መብራቱ ቢመለስም ሰው መጥቶ አረንጓዴውን ቁልፍ በእጁ ካልተጫነ አይነሳም። ለመቀሱ ከአሉሚኒየም የሚቆረጥ አዲስ መያዣ ሣልኩ። አውራ ጣቷ ሳይታጠፍ እንዲገባ፣ ኃይሉ ከመዳፏ እንዲመጣ ነው። የመጀመሪያው ከበዳት። ሁለተኛው ጠርዙ ጣቷን ላጠው፤ ማሽኑ ሲመለስ የሚያመነታባት ቦታ ላይ ጥርስ የመሰለ ነገር ትቶ ነበር። ለሆቴል በር ያለፍኩትን ጁኮ ለእህቴ ጣት ማለፍ አልቻልኩም። መቁረጫውን ወዲያ ወዲህ የሚነዳውን ጠመዝማዛ ብረት ቀየርኩ፣ ዳዶውንም ሁለት አድርጌ እርስ በርስ አጠበቅኳቸው። ቀጥሎ የወጣው መያዣ ዳር እስከ ዳር ለስልሶ ወጣ። እጇ ውስጥ አስገብታ ከፈት ከደን አደረገችው። ከዚያ ወደ ጨርቋ ዞረች።

እትዬ ዘሃራ ልጃቸውን ሌላ ልብስ ሰፊ በሰፋው ቀሚስ ዳሩ። ከሠርጉ በኋላ ግን ለራሳቸው ጨርቅ ይዘው መጡ፣ በዚያ መቀስ መጀመሪያ የተቆረጠው የእሳቸው ቀሚስ ነው። ዛሬም ለዓረፋ እታለም ናት የምትሰፋላቸው።

ሙሄ ግን ቅር አለው። «አሁን መብራት መምጣቱን ማን ይንገረን?» እያለ ሲነዘንዘኝ ደጃፌ ላይ አንድ አምፖል ሰቀልኩለት። እሱን እያየ ይጮሃል።

ሥራዬ ተስፋፍቷል፤ ከሮቢትና ከዋጃ ሁሉ ይታዘዘኛል። ሰው ማሽኑን አይቶ ሲያደንቀኝ አመሰግናለሁ፣ ውስጤ ግን ደስ አይለውም። እታለም መጥረጊያውን መጋረጃው ድረስ ታመጣና በእጄ ትሰጠኛለች፤ አልፋ አትገባም። ስፒናውን ነቅዬ ባሳያትም አትገባም። ሜትሯንም አንገቷ ላይ ማድረግ ትታ ሚስማር ላይ ነው የምትሰቅለው።

አምፖሉ ቦግ ሲል ሙሄ «መጣ!» ይላል፣ ሰፈሩም ይቀበለዋል። እኔ ያን ጊዜ ሥራዬን አቁሜ በመጋረጃው ጥግ አያታለሁ። ወይ እየረገጠች ነው፣ ወይ እየቆረጠች። ጩኸቱ ሲነሳ ትቆምና እጇ ወደ አንገቷ ይሄዳል። አንገቷ ላይ ምንም የለም። እንደሌለ እሷም ታውቃለች፤ እጇ ግን ሁልጊዜ ይሄዳል።