ጾሙን ሙሉ እንቁላሌን የበላው ጎረቤቴ

ዛሬ ጠዋት ከካውንስል፣ ማለትም ከሰፈሩ አስተዳደር፣ የመጣ ሰው ለንደን ስቶክዌል ያለውን ቤቴን አንኳኩቶ «ዶሮዎችሽ ይረብሻሉ ተብሎ ሪፖርት ተደርጓል» አይለኝም!

ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የአጥር ጎረቤቴ ፒተር!

እኔ ስጾም ዶሮዎቼ አይጾሙም። ስለዚህ ሁዳዴን ሙሉ እንቁላሉን ሰብስቤ የምወስደው ለእሱ ነበር። ያኔ ጩኸታቸው አልተሰማውም!

ፋሲካ ሲመጣ እንቁላሌን ራሴ መብላት ጀመርኩ። ይኸው፣ ጆሮው ተከፈተ።

በአጥር በኩል «አንተ ነህ?» አልኩት። አልካደም። «አዎ። ግን እንቁላል ማምጣት ለምን ተውሽ?» አለኝ እኮ! ደሜ ፈላ።

እንዲህ ያለ ጎረቤት የገጠማችሁ እስኪ ጻፉልኝ፤ ብቻዬን አልቃጠል።

በሚቀጥለው ጾም እንቁላሉን ጓሮዬን ለሚዞረው ቀበሮ ነው የምሰጠው። ሌባ ቢሆንም በልቶ አይከስም።