ገሳይን የሰጠኋት ማታ

ልጅ ሳለሁ ከአያቴ ቀኝ፣ አጎዛው ላይ የምቀመጠው እኔ ብቻ ነበርኩ። አያቴ በወጣትነታቸው ቅኔ የተማሩ መሪጌታ ናቸው፤ ከእራት በኋላ የምድጃው ፍም አመድ እስኪለብስ ድረስ ተረት ይነግሩናል። ያኔ ደብረ ታቦር መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋ ስለነበር የኩራዙ ጭስ ዓይኔን እያቃጠለኝም ቢሆን ከአጠገባቸው ንቅንቅ አልልም።

ስድስተኛ ክፍል ስገባ የአክስቴ ልጅ ትርንጎ ከገሳይ መጣች። አክስቴ «አባቴ ዘንድ ሆና ትማርልኝ» ብላ ነው የላከቻት፤ እኔው ክፍል ገባች። እናቴ ብርድ ልብሴን ለሁለት አለበሰችን፤ እሱስ ይሁን። አያቴን መካፈል ግን አንገበገበኝ።

በዚያው ዓመት የእንግሊዝኛ መምህራችን የንግግር ክፍሎችን ጀመሩልን። ስሙን፣ ግሱን፣ ቅጽሉን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ ያዝኩት፤ ምኑም ግን አልገባኝ። አያቴ እንግሊዝኛ አያውቁም፤ ደንብ ግን ነበራቸው። «የገባሽን በተረት ንገሪኝ። ተረት ካልወጣው አልገባሽም» ይላሉ።

አንድ ማታ ትርንጎ እንዳትቀድመኝ ብዬ ተጣደፍኩ። «ግስ ማለት ድርጊትን የሚገልጽ ቃል ነው።»

«እሱማ ደብተርሽ ነው፣ የኔ ልጅ። ተረቱስ?»

ፍሙን ቆሰቆስኩ። እሳቸው የአማርኛውን ሲያስረዱኝ «ማሰሪያ አንቀጹን መጨረሻ ላይ ፈልጊ» ይሉኝ ስለነበር፣ የእንግሊዝኛውንም ግስ ከጅራቱ ነበር የምፈልገው። የዚያን ዕለት ጠዋት መምህራችን «ማይ ፋዘር ኢዝ ኤ ፋርመር» ብለው ጽፈው ግሱን ሲጠይቁ «ፋርመር!» ብዬ ጮኼ ክፍሉ ሁሉ ስቆብኛል። የሚያርስ እሱ አይደል!

ትርንጎ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ቃላት የሚኖሩበት አንድ መንደር ነበር። እዚያ አንዳንዱ ግስ ጉልበተኛ ነው፤ ይሮጣል፣ ይቆርጣል፣ ይበላል። ኢዝ የሚባለው ግን አያርስ፣ አያጭድ። እሱ የጋብቻ ሽማግሌ ነው። ፋዘር ወዲያ ማዶ፣ ፋርመር ወዲህ ማዶ ሲኖሩ፣ መሀል ገብቶ አዛመዳቸው።»

አያቴ ጭናቸውን መቱ። «ይኸማ የኛው የግዕዙ ነባር አንቀጽ ነው፤ ሳይሠራ የሚያስር! ነይማ፣ ወዲህ ጠጋ በይ።»

እኔን የጠሩ መስሎኝ ተንቀሳቀስኩ፤ እሷን ኖሯል። ቅናት አቃጠለኝ። ለታላቅ እህቴ ሽማግሌ ሲላክ ከበሩ ኋላ ቆሜ ያየሁ እኔ፣ ተረቱን የወሰደች እሷ!

ከዚያ ወዲያ አጎዛው የእሷ ሆነ። እኔ ከምድጃው ማዶ፣ ጭሱ በሚዞርበት በኩል ቀረሁ። ሲመረኝ አንድ ማታ «እንቆቅልሽ እንጫወት፤ ያሸነፈች ከአባባ ቀኝ ትቀመጥ» አልኩ። እሺ አለች።

«እንቆቅልሽ?»

«ምን አውቅልሽ።»

ጠየቀችኝ፤ አላወቅሁም። «አገር ስጪኝ!» አለች፤ ይፋግን ሰጠኋት። እንደ ወጉ «ይፋግ ገብቼ፣ ጮማዬን ቆርጬ፣ ጠጄን ጠጥቼ፣ አንቺን ደጅ አስቁሜ!» ብላ ዘባነነችብኝ። ሁለተኛውም አቃተኝ፤ ጋፋትም ሄደ። አያቴ በሳቅ ይንፈቀፈቃሉ። ሦስተኛው ሲያቅተኝ ከዓይኔ ዞር ብትልልኝ ብዬ ተመኘሁና «ገሳይን ሰጠሁሽ! ሂጅልኝ!» አልኩ።

ትርንጎ ቀና አለች። «ገሳይ ገብቼ…» ብላ ጀመረች። «ገሳይ ገብቼ፣ እናቴ ደጅ ቆማ… ‹መጣሽልኝ?› ብላ…»

ቀጥላ እንደ ወጉ እኔን ደጅ የምታስቆምበት ተራ ነበር። አልመጣላትም። በዚህ መሀል እናቴ ከጓዳ «አንቺ ልጅ፣ ነጠላሽን ደርቢ፣ ብርድ ነው» ብላ ጮኸችብኝ። ትርንጎ ወደ ጓዳው፣ ከዚያ ወደ እኔ አየች። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ ከምድጃው ማዶ ሆኜ እሷን ሳይ የከረምኩበት ነው። ከዚያ ፊቷን በአያቴ ጋቢ ውስጥ ቀበረች።

አያቴ ጋቢያቸውን አለበሷትና በግራ እጃቸው የአጎዛውን ጫፍ መታ መታ አደረጉልኝ፤ ሄጄ ተቀመጥኩ። በግራቸው ነበር። የለመድኩት ቀኙን ስለሆነ አልተመቸኝም፣ ግን ጭስ አልነበረውም።

ዛሬ እዚሁ ደብረ ታቦር እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ትርንጎ ትምህርቷን ጨርሳ ገሳይ ተመለሰች፤ ከእናቷ ጋር ናት። አያቴ አርፈዋል፤ አጎዛው እኔ ዘንድ ነው። ልጆቹ ኢዝ ግስ መሆኑ አልዋጥ ሲላቸው ጠመኔውን አስቀምጥና የሽማግሌውን ተረት እነግራቸዋለሁ፤ ወዲያው ፊታቸው ይበራል።

«ተረቱ የማን ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ «የአክስቴ ልጅ የትርንጎ ነው» እላለሁ። «የኔ ነው» ማለት ግን ዛሬም ያምረኛል።